ሾኔ ላይ ባሕር ለሚያስገቡ፦ ስለ ሙቀትና ስለ ውሃ የወዳጅ ምክር

ሳሎንዎ አልቋል። ሴራሚኩ ተነጥፏል። ጂፕሰሙ ተሠርቷል። ሶፋው ላስቲኩ ሳይነሳለት ቦታውን ይዟል፤ ቴሌቪዥኑም ግማሽ ግድግዳ ሸፍኗል። የቀረዎት ባሕር ብቻ ነው። አይፍሩ፤ ይቻላል። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዱራሜ እስከ ሾኔ፣ በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የቆመ ፎቅ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሕይወት ያለው ኮራል የያዘ የመስታወት ገንዳ ግን ገና ብርቅ ነው። ለያሆዴ በዓል የመጣ እንግዳ ሰማያዊ መብራት ውስጥ የሚወዛወዝ የባሕር ፍጡር ሲያይ፣ የጎረቤትዎ ቤት ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ ማውራቱን ይተዋል። የበዓሉ ምግብ፣ አተካናው፣ እስኪቀርብም ዓይኑ ሥራ አይፈታም።

ስለ ወጪው አይጨነቁ። ወንድምዎ ጆሃንስበርግ ነው፤ ይልካል። የእርስዎ ድርሻ ሙቀቱንና ውሃውን መጠበቅ ነው። ቀስ ብለው ይከተሉኝ።

1. ቁጥሩን ይያዙ።

ውሃው ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ዲግሪ በላይ አይውጣ፣ አይውረድ። ቴርሞሜትር ሁለት ይግዙ፤ አንዱ ሲዋሽ ሌላው ያጋልጠዋል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያንብቡ። ደብተር ላይ ይጻፉ። ለልጆቹ መኝታ ቤት ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ልጅ ሲበርደው ይናገራል፤ ኮራል አይናገርም።

ሾኔ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ይከራል፤ ሌሊት ብርድ ልብስ ይፈለጋል። ስለዚህ ለሁለቱም ይዘጋጁ። ለ200 ሊትር ገንዳ 200 ዋት ማሞቂያ ይበቃል። ነገር ግን አንድ ባለ200 አይግዙ፤ ሁለት ባለ100 ይግዙ። የማሞቂያ ቴርሞስታት ሲበላሽ አንዳንዴ እንደበራ ይቀራል። ትልቁ ከሆነ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ቀቅሎ ያድራል። ትንሹ ግን እስኪነጋ ጊዜ ይሰጥዎታል።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሥራ። ዝግ ሣጥን ውስጥ የገባ ሕይወት ያለው ነገር ከምግብ በፊት የሚያልቅበት አየር ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያስምሩባት፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

2. ውሃውን ያጣሩ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ አይሆንም። የጉድጓድ ውሃም አይሞክሩ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ኮራልዎ ጥርስ ባይኖረውም እንዲህ ያለ ውሃ አይገባውም።

መፍትሔው ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው ማጣሪያ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። አንዲት ትንሽ ጠባይ ብቻ አለችው፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለመስጠት ሦስት ሊትር ያህል ወደ ቦይ ይደፋል። 200 ሊትር ለመሙላት 800 ሊትር ያዘጋጁ። ይህ ማለት 40 ባለ20 ሊትር ጀሪካን ነው። ሮቶዎ ባዶ ከሆነና የእርስዎ ሰፈር ፈረቃ ካልደረሰ ቦኖ አለ። ቦኖ ላይ ሰው አይሰለፍም፤ ጀሪካን ነው የሚሰለፈው። ቢጫዎቹ በገመድ እየተያያዙ፣ ክዳን የሌለው በፌስታል እየተወተፈ፣ አንዳንዱ የባለቤቱ ስም በቀለም ተጽፎበት ከሌሊት ጀምሮ ይደረደራል። የእርስዎን 40 ለመደርደር ቦታ ሊጠብ ይችላል። ቤት ውስጥ ውሃ የምትቀዳውን ልጅ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ይቀስቅሷት። በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ይሁን። ትምህርቷ የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ እሰየው። የጠዋት ከሆነ ያዘዋውሩላት።

ማጣሪያው የሚጥለውን ውሃ አያባክኑ። ጎረቤት ዕቃ ይዞ ቢመጣ ይቅዳ። ኮራሉ ያልፈለገው ነው ብለው ይንገሩት። ያመሰግንዎታል።

አሁን ጨው። ለ200 ሊትር ከ7 ኪሎ በላይ ያስፈልግዎታል። ከሱቅ የሚገዙት ጨው አብዛኛው ከአፍዴራ የመጣ ነው፤ ለወጥ እንጂ ለኮራል አይሆንም። ኮራል ካልሲየሙ፣ ማግኒዥየሙ፣ ሌላውም ማዕድን እንደ ባሕሩ ተመጥኖ የተቀመመ ጨው ይፈልጋል። እሱ በባልዲ ታሽጎ፣ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ይህ እንዳያሳዝንዎት። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የላትም፤ ስለ ባሕር በርም ብዙ ይባላል። ትልልቅ ሰዎች በሩን ሲነጋገሩበት እርስዎ ባሕሩን ራሱን አድርቀው ሳሎን አስገቡ። ዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ኮራሉ ማንም ማሞቂያ ሳይሰካለት ይኖራል፤ ግን እዚያ ሶፋ የለም።

3. በበጋ ያቀዝቅዙ።

ከየካቲት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ 27 ሲል ቬንትሌተር ወደ ውሃው ፊት ያዙሩ። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከገንዳዎ አንድ ሊትር ከተነነ የቀረውን 200 ሊትር እስከ 3 ዲግሪ የሚያበርድ ሙቀት ይወስዳል። በነፃ የተገኘ ጥበብ ነው። በየቀኑ የተነነውን በንጹሕ ውሃ ይተኩ፤ ጨው አይጨምሩበት፤ ጨው አይተንም። ለአንዱ ሊትር ልጅቷ አራት ሊትር መቅዳቷን አይርሱ። እሷም እንዳትረሳ ይንገሯት።

4. መብራት ሲሄድ አይደንግጡ።

ይሄዳል። ስለዚህ በማንም ላይ አይዘኑ፤ ኃይል ሞልቷል። ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ተሠርቷል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ነው። ከእርስዎ በስተደቡብ፣ ወላይታ ሶዶ ላይ ባለ500 ኪሎ ቮልት መስመር ይነሳል። ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ፣ ሱስዋ ይገባል። ኬንያ ከኅዳር 2015 ጀምሮ በዚህ መስመር ኃይል ትገዛለች። በጣም የሚያኮራ ሥራ ነው። ሻማዎን ይለኩሱና ያስቡት። ያ ኤሌክትሪክ ድንበር የሚሻገረው በውል ነው። ስንት እንደተነሳ ይለካል፤ ስንት እንደደረሰ ይለካል። በመንገድ የጠፋችው ቅንጣት እንኳ ተሰልታ ትመዘገባለች። ወደ ደቡብ የሚሄድ ነገር ሁሉ እንዲህ ቢያዝ እንዴት ጥሩ ነበር።

ወደ ገንዳዎ እንመለስ። በመጀመሪያ በባትሪ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ ያብሩ። ከብርድ በፊት የሚገድለው መታፈን ነው። ቀጥለው ገንዳውን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ። የእንግዳው ብርድ ልብስ ይጠቅማል፤ ካልበቃ የልጆቹን ይጨምሩ። ከዚያ ከሰል ያቀጣጥሉ። ውሃ ያሙቁ፤ በሃይላንድ ይሙሉ፤ ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ገንዳው ላይ ያንሳፍፉ። ሃይላንዱ ሲቀዘቅዝ ይቀይሩ። ይህን ሌሊቱን ሙሉ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። ልጅቷ ለማንኛውም በዘጠኝ ሰዓት ስለምትነሳ ባትተኛ ይቀላታል።

ጀነሬተር ከገዙ ደግሞ አንድ ነገር ይጠብቁ። ጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ ጠፍቶበት ለአንድ ሌሊት ሊለምንዎ ይችላል። በአክብሮት ያስቀምጧቸው። ቡና ያፍሉላቸው። ከዚያ በእርጋታ ያስረዷቸው። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ ስድስት ዲግሪ የሚንቀሳቀስበት አለው። የእርስዎ ኮራል ያለው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ማን የበለጠ እንደተቸገረ ከሒሳቡ ይገባቸዋል። የተማሩ ሰዎች ናቸው።

5. ወንድምዎ ሲደውል ካሜራውን ወደ ገንዳው ያዙሩ።

25.5 የሚለውን ቁጥር ያሳዩት። ደስ ይለዋል። የሱን አይጠይቁት። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ያለው ሱቁ ቆርቆሮ ነው፤ የሚሸጠውም የሚተኛውም ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ነው፤ እዚያ ጥር የሙቀት ወቅት ነው። ቴርሞሜትር የለውም።

6. ኮራሉ ቢነጣ ምክንያቱን ይወቁ።

ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። አብዛኛውን ምግቡን የሚሠሩለት ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። ቀለሙም በአብዛኛው ከነሱ ነው። ለሾኔ ሰው ይህን ለማስረዳት አልቸገርም፤ ሌላ ሰው ሠርቶ በሚልክለት የሚኖር ቤት ማለት ነው። ሙቀቱ ኮራሉ ከለመደው የበጋ ጫፍ በአንድ ዲግሪ አልፎ አራት ሳምንት ያህል ከቆየ ግን ኮራሉ ይታወካል። የሚመግቡትን አልጌዎች ያባርራል። ወዲያው አይሞትም፤ ይነጣል፣ ይራባል። ወንድምዎ ይህን ከኔ በተሻለ ያስረዳዎታል። በግንቦት 2000 እና በሚያዝያ 2007 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃት ሲነሳ፣ ለሰፈሩ ሰው ዳቦና ዘይት ሲሸጡ የነበሩ ባለሱቆች ሱቃቸው ተዘርፎ ተባረዋል። በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ60 በላይ ሰው ሞቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚላከው ገንዘብ ሊዘገይ ስለሚችል የሁለት ወር የኮራል ምግብ አስቀድመው ያስቀምጡ።

የውቅያኖሱ ሙቀት እየጨመረ ነው። በሚያዝያ 2016 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መጀመሩን አስታውቋል። ሆኖም የሚያጽናና ነገር አለ። በሰሜን ቀይ ባሕር፣ በዓቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች ሌላውን የሚያነጣ ሙቀት ይችላሉ። ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት ማብራሪያ እንዲህ ነው። ከበረዶው ዘመን በኋላ የእነዚህ ኮራሎች ዘር የመጣው በደቡብ፣ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። የደቡቡ ውሃ በጣም ሞቃት ነው። እሱን ያልቻለው በመንገድ ቀረ፤ የቻለው ሰሜን ደረሰ። ስለዚህ የደረሱት ጠንካሮች ናቸው። እኛም ስለ ልጆቻችን የምንለው ይህንኑ ነው። ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ እቁብ ላይ የምንቆጥረው የደረሱትን ነው፤ «የእገሌ ልጅ ደረሰ፣ የእገሌ ልጅ ሱቅ ከፈተ»። ያልደረሱትን መቁጠር ስሌቱን ያበላሻል።

7. ማጓጓዙን በጥንቃቄ ይዩ።

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ኮራል በዘፈቀደ ድንበር አይሻገርም። ጠንካራ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ሳይተስ በሚባለው፣ ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ላኪው አገር ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱ ላይ የዝርያው ስም ይጻፋል፤ ብዛቱ ይጻፋል፤ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ይጻፋል። ስም የሌለው ኮራል አይጓዝም።

እያንዳንዱ ለብቻው በውሃ ከረጢት ይገባል። ከረጢቱ ድርብ ነው። ከውሃው በላይ ያለው ቦታ በኦክስጅን ይሞላል። ከረጢቱ ሙቀት በማያሳልፍ የፎም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ብርድ ካለ የሚያሞቅ እሽግ ይጨመርበታል፤ ሙቀት ካለ የሚያቀዘቅዝ። ሣጥኑ ላይ «ሕይወት ያለው እንስሳ» ተብሎ ይለጠፋል፤ የላይኛው ጎኑ በቀስት ይመላከታል። በአውሮፕላን ይጫናል። አንድ ቀን ወይም ቢበዛ ሁለት ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። ከዚያ በላይ ከቆየ ውሃው ይመረዛል፤ አየሩ ያልቃል።

አሁን ያሰመሩባትን ዓረፍተ ነገር ያስታውሱ። ማንም «ርካሽ መንገድ አለ፤ በጭነት መኪና፣ በተዘጋ ኮንቴይነር ላምጣልዎ» ቢልዎ እሺ አይበሉ። ኮንቴይነር ብረት ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ይግላል። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ውጤቱ ይታወቃል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከማላዊ የመጣ የጭነት መኪና ቆሞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። 14 ተረፉ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ኮራል ስላልነበሩ ፈቃድ አልተጻፈላቸውም፤ ኦክስጅን አልተሞላላቸውም፤ የላይኛው ጎን የት እንደሆነም አልተለጠፈባቸውም። ስለዚህ ከዚያ መንገድ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ውድ የሆነን ነገር በዚያ መንገድ አይልኩም።

ጭነቱ ሲደርስም አይቸኩሉ። ከረጢቱን ሳይከፍቱ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ያንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ይስተካከል። ከዚያ የገንዳውን ውሃ በጠብታ እያስገቡ ያለማምዱት። አዲስ ቦታ የገባ ፍጡር መጀመሪያ የሚፈልገው ዝግታ ነው። መብራቱን ይቀንሱ። ልጆች መስታወቱን እንዳይመቱ። አዲስ መጤውን በገንዳው ያሉ ነባር ዓሦች ሊያጠቁት ይችላሉ፤ የሚከለልበት ድንጋይ ያዘጋጁለት።

8. ታናሽ ወንድምዎን ያሳትፉ።

12ኛን ጨርሶ ቤት ነው ያለው። ጥሩ ረዳት ይሆናል። ደብተሩን እሱ ይያዝ፤ ዲግሪውን እሱ ያንብብ። ፈጣን ልጅ ስለሆነ በሳምንት ውስጥ ሁሉንም ያውቃል፤ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል አየር። አንድ ማታ «እኔስ በምን ልሄድ ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ አይቆጡት። የገንዳው ወጪ ካለቀ በኋላ የተረፈውን ለሱ እንደሚያስቡለት ይንገሩት። ወንድሙም በዚያው መንገድ ሄዶ እንደደረሰ ያስታውሱት። ይጽናናል።

9. የዋስትና ወረቀቱን ያንብቡ።

ሁነኛ የኮራል ሻጭ በሕይወት ለመድረሱ ዋስትና ይሰጣል። ሣጥኑ ሲከፈት ሞቶ ከተገኘ በዚያው ቀን ከነከረጢቱ ፎቶ አንስተው ይልካሉ። ሻጩ ገንዘብዎን ይመልሳል ወይም ሌላ ይተካል። ስለዚህ ሣጥኑ ሲከፈት ቆመው ይዩ። ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። ደረሰኙን አይጣሉ። ታናሽዎን የሚወስደው ደላላ ለቀብዱ ሲመጣ ያስገቡት። ሶፋው ላይ ያስቀምጡት፤ ባሕሩን ያሳዩት፤ ቡናውን በሦስት ያጠጡት። የዋስትና ወረቀቱን ግን መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት። ደላላው እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርሞ አያውቅም፤ እርስዎም ጠይቀውት አያውቁም።